ቃል ከደረሰ ሰው ደረሰ ይባላል?

ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ከባንክ ካርድ ብዙም አይበልጥም፤ ርዝመቱ 85፣ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 35 ዶላር ነበር። በእንግሊዟ ኬምብሪጅ የነበሩት ኤበን አፕተንና ባልደረቦቹ ሲነሡ ያሰቡት ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩበት ነው። ዛሬ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ብዙ ሰው ግን ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቶ አይሠራበትም። አንዱ ጣሪያ ሥር ካሜራ ይዞ ይቀመጣል፤ ሌላው ውሃ ታንከር አጠገብ ሴንሰር ታስሮበት ይውላል፤ ሌላው ከመጻሕፍት መደርደሪያ ጀርባ፣ ከራውተሩ ጎን አቧራ ይለብሳል። ባለቤቱ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ሰፈር፣ አንዳንዴም ሌላ አህጉር ተቀምጦ ከላፕቶፑ ያዘዋል። ፋይል ቅዳ ሲለው ይቀዳል፣ ፎቶ አንሣ ሲለው ያነሣል፣ ጥፋ ሲለው ይጠፋል።

ሥራው ተራ ይመስላል። ነገር ግን ሰውየው አንድ ፊደል ሲነካ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ፊደል ከጣቱ በቀጥታ የመጣ አይደለም። ፊደሉ ተመስጥሮ በኔትወርኩ ወደ ሩቁ ኮምፒውተር ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ፕሮግራም ይቀበለዋል፤ ተቀብሎም መልሶ ይልከዋል፤ ሰውየው የሚያየው ያን ተመልሶ የመጣውን ነው። መስመሩ ጥሩ ሲሆን ይህ ደርሶ መልስ ከዐይን ጥቅሻ ያጥራልና ማንም ልብ አይለውም። መስመሩ ሲቋረጥ ግን ጣት ይጽፋል፣ ስክሪኑ ዝም ይላል። ከሩቅ የሚያዝ ሰው የገዛ ጽሑፉን እንኳ የሚያነበው ያኛው ወገን ሲፈቅድለት ነው።

እንግዲህ ትእዛዙ እዚያ ተፈጸመ፣ ገላው እዚህ ቀረ። ሰውየው ያለው የት ነው? ቃሉ የደረሰበት ሁሉ እሱ ደርሷል ማለት ይቻላል? ጥያቄው ከኮምፒውተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በወንጌል ውስጥ አለ፣ በነገረ መለኮት ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ አለ፣ በነገሥታት ድንኳን ዙሪያም ነበረ። ላፕቶፑና ትንሿ ኮምፒውተር ያመጡት ለውጥ ቢኖር ጥያቄውን ከሊቃውንት ጉባኤ አውጥተው የማንም ሰው የዕለት ተዕለት ጉዳይ ማድረጋቸው ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ላይ አንድ የመቶ አለቃ አገልጋዩ ታሞበት ወደ ኢየሱስ ይቀርባል፤ ቦታው ቅፍርናሆም ነው። ኢየሱስ ወደ ቤቱ ሊሄድለት ፈቃደኛ ሲሆን፣ መቶ አለቃው መምጣት እንደማያስፈልገው፣ ባለበት ሆኖ ቃል ቢናገር እንደሚበቃ ይመልሳል። ይህን እምነቱን ያስረዳበት መንገድ በጣም የሚገርም ነው፤ ከነቢያት አልጠቀሰም፣ ከወታደር ቤት ሕይወቱ ተነሣ። እሱ ራሱ ከበላዩ አለቃ አለው፣ ከበታቹም ወታደሮች አሉት፤ አንዱን ሂድ ሲለው ይሄዳል፣ ሌላውን ና ሲለው ይመጣል። ሥልጣን ማለት ገላ ሳይንቀሳቀስ ነገር ሲንቀሳቀስ እንደሆነ በሥራው ያውቀዋል።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ያለው ታሪክ ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ይመራል። የንጉሥ ሹም የሆነ አንድ አባት ልጁ በቅፍርናሆም ታሞ ሳለ ኢየሱስን ቃና ድረስ ሄዶ ይለምናል፤ ልጁ እንደሚድን ይነገረዋል፤ አምኖ ይመለሳል። በመንገድ ላይ አገልጋዮቹ አግኝተው የልጁን መዳን ሲያበሥሩት አባትየው ደስ ብሎት ብቻ አላለፈም። ስንት ሰዓት ላይ እንደተሻለው ጠየቀ። ትናንት በሰባተኛው ሰዓት አሉት፤ ቃሉ የተነገረበት ሰዓት ነበር። ከሩቅ የታዘዘ ነገር መፈጸሙ የሚታወቀው እንደዚህ ነው፤ ከሁለቱም ወገን ያለውን ሰዓት በማመሳከር። ዛሬም ከሩቅ የሚሠራ ባለሙያ ትእዛዙን ከሰጠ በኋላ የሩቁን ኮምፒውተር የሎግ ፋይል ከፍቶ ነገሩ በስንት ሰዓት፣ በስንት ደቂቃ እንደተፈጸመ ያያል። ያ አባት ማመኑ ከመመርመር አላገደውም፤ ወንጌሉም ስለመመርመሩ አልነቀፈውም።

ልዩነቱ ግን መረሳት የለበትም። በክርስቲያኖች እምነት ከቃና የተነገረው ቃል የፈጣሪ ቃል ስለሆነ ተሸካሚ አላስፈለገውም። የሰው ቃል ያለ ተሸካሚ የትም አይደርስም። የመቶ አለቃውም ትእዛዝ የሚሠራው በቦታው ላይ እጅና እግር ያላቸው ወታደሮች ስላሉ ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ከመልእክተኞቹ ጋር ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲደርስ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ጥያቄና መልሱ በሰው አፍ እየተመላለሰ ለብዙ ጊዜ ፊታቸውን ሳያይ መቆየቱን ጽፏል። የንጉሡ ቃል እንዲሄድ የሚያደርገው የሚመላለሰው ሰው ነበር። የላፕቶፑም ትእዛዝ እንደዚሁ ነው፤ መብራት ያስፈልገዋል፣ ኬብል ወይም ዋይፋይ ያስፈልገዋል፣ ከሁሉም በላይ እዚያ ሆኖ የሚጠብቅ አድማጭ ፕሮግራም ያስፈልገዋል።

መገኘት በስንት መንገድ እንደሚሆን ለይቶ ያስቀመጠው የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ቶማስ አኩዊናስ ነው። በታላቁ የነገረ መለኮት ድርሳኑ እግዚአብሔር በሁሉ ቦታ አለ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሲያብራራ ሦስት ዓይነት መገኘትን ይጠቅሳል። አንደኛው በኃይል መገኘት ነው፤ ንጉሥ በአካል ባይደርስም ትእዛዙ በሚሠራበት ግዛት ሁሉ እንዳለ ይቆጠራል። ሁለተኛው በእይታ መገኘት ነው፤ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከያንዳንዱ ማዕዘን ባይቆምም በቤቱ ያለው ሁሉ ከፊቱ ነው። ሦስተኛው በህላዌ መገኘት ነው፤ ነገሩ ራሱ ያለበት ቦታ። ለአኩዊናስ ሦስቱም በአንድነት በሁሉ ቦታ የሚገኙት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ፍጡር ግን ሦስቱን እያነጣጠለ ይኖራል።

ይህ የ13ኛው ክፍለ ዘመን አከፋፈል የዛሬውን ሥራ በትክክል ይገልጸዋል። ኤስኤስኤች በሚባለው መንገድ ገብቶ ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው በሩቁ ኮምፒውተር ላይ በኃይል አለ። ቪኤንሲን በመሰለ ፕሮግራም የዚያን ኮምፒውተር ስክሪን በላፕቶፑ ላይ የሚያይ፣ ወይም በካሜራው የሚመለከት ሰው በእይታም አለ። በህላዌ ግን የለም፤ የትኛውም የቴክኖሎጂ እርምጃ ይህን ሦስተኛውን አልሰጠውም።

ሦስቱ እንደሚነጣጠሉ ለመረዳት ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። በሪያድ ወይም በቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ልጇን በስልኳ ስክሪን ታየዋለች፤ ብላ ትለዋለች፣ ይበላል፤ ተኛ ትለዋለች፣ ይተኛል። ቃሏም ዐይኗም ደርሰዋል። ልጁ ሲያተኩሰው ግንባሩን የምትዳስሰው ግን አያቱ ናት። ቤተ እምነቶችም መስመሩን እዚሁ ላይ ያሰምራሉ። በ2002 የቫቲካን የማኅበራዊ ግንኙነት ጳጳሳዊ ምክር ቤት በኢንተርኔት ላይ ባወጣው ሰነድ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን በኢንተርኔት እንደማይፈጸሙ በግልጽ አስቀምጧል። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ያለ ኦርቶዶክሳዊም ቅዳሴ በቀጥታ ስርጭት ይከታተላል፣ ከንስሐ አባቱ ጋር በስልክ ይመካከራል፤ ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ግን ጾሞ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ በእግሩ መሄድ አለበት።

በህላዌ መገኘት ምን ይጨምራል? ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርት በ1641 ባሳተመው የሜዲቴሽን መጽሐፉ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነፍስ በሥጋ ውስጥ ያለችው መርከበኛ በመርከብ ውስጥ እንዳለው ዓይነት አይደለም ይላል። መርከቡ ሲሰነጠቅ መርከበኛው ስንጥቁን በዐይኑ አይቶ ያውቃል እንጂ አያመውም፤ ሰው ግን ሲቆስል ያመዋል። ዴካርት ይህን ያነሣው ነፍስና ሥጋ ምን ያህል እንደተዋሐዱ ለማሳየት ነው፤ ያለ ዕቅዱ ግን ከሩቅ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ያለበትን ሁኔታ ሥሎልናል። ራስበሪ ፓይ ሲግል ባለቤቱ የሚያውቀው ቁጥር አንብቦ ነው። ሙቀቱ ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሩቅ ያለው ሰው ሥራው እንደዘገየ ያያል፣ ትእዛዝ ጽፎ ሙቀቱን ይጠይቃል፣ ቁጥሩ ይመጣለታል። አጠገቡ ያለ ሰው ግን እጁን ጣል ሲያደርግ ይፋጃል፤ ከዚያም የሚቃጠል ፕላስቲክ ሊሸተው፣ ከበላዩ ውሃ ሲንጠባጠብ ሊያይ ይችላል። ስለ ሽታና ስለ ጠብታ የሚናገር ሴንሰር ማንም ካላሰረበት ሩቅ ላለው ሰው እነዚህ ነገሮች ጨርሶ የሉም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም እንግዲህ ይህ ነው፤ በአንድ ቦታ መገኘት ማለት በዚያ ቦታ ላይ ማድረግ መቻል ብቻ አይደለም፤ ያ ቦታ በተራው ሊያደርግብህ መቻሉ ነው። ከሩቅ የሚያዝ ሰው ነገሩን ይነካዋል፣ ነገሩ ግን አይነካውም። ይህ አለመመጣጠን ጥቅም አለው፤ ሰው ሊደርስበት የማይችለው የኑክሌር ጣቢያ ክፍል ውስጥ ሮቦት የሚገባው ለዚሁ ነው። አደጋውም ያለው እዚያው ነው።

አደጋው ከመተማመን ይጀምራል። ከሩቅ የሚነጋገሩ ሁለት ኮምፒውተሮች ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር በምን ያውቃሉ? በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ፊንላንዳዊው ታቱ ይሎነን ይህን ጥያቄ በቁም ነገር ያነሣው የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ሰው ተደብቆ የይለፍ ቃሎችን ሲለቅም ስለተገኘ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ቴልኔት በሚባለው መንገድ ሲገባ የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠር በኬብሉ ውስጥ ያልፍ ነበር። ይሎነን በዚያው ዓመት ኤስኤስኤችን ጽፎ አወጣ፤ ፖርት ከሚባሉት የኔትወርክ መግቢያ በሮችም በ21 እና በ23 መካከል ባዶ የነበረውን 22 ቁጥርን ጠይቆ አገኘ። ዛሬ ባለሙያዎች ከይለፍ ቃል ይልቅ ጥንድ ቁልፍ ይጠቀማሉ። አንደኛው ቁልፍ ከላፕቶፑ አይወጣም፤ ሌላው ሩቁ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። ላፕቶፑ ምስጢሩን ሳይልክ ምስጢሩ በእጁ እንዳለ ብቻ ያስረዳል፤ ይህ ከዘመናችን የሂሳብ ሊቃውንት ሥራ እጅግ ውብ ከሆኑት አንዱ ነው።

ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ላፕቶፑ ቆም ብሎ ይጠይቃል። የዚህን ኮምፒውተር ማንነት ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ የቁልፉ አሻራ ይህ ነው፣ ልቀጥል ወይ የሚል ይዘት ያለው ጥያቄ ነው። ከዚያም ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይመጣል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ አዎ ብሎ ያልፋል። በትክክል መመለስ የሚችለው ግን ከዚህ በፊት ከመሣሪያው ፊት ተቀምጦ አሻራውን ያየ፣ ወይም ከሚያምነው ሰው የተቀበለ ብቻ ነው። የሂሳቡ ጥንካሬ ሁሉ በዚህች አንዲት ነጥብ ላይ ይቆማል፤ አንድ ቀን አንድ ሰው እዚያ ነበረ ወይስ አልነበረም?

ኬን ጎልድበርግ የሚባለው የሮቦት ተመራማሪና አርቲስት በዚህ ላይ ዓመታት ሠርቷል። በ1995 ከባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ የአትክልት ቦታ አዘጋጅቶ በመካከሉ የሮቦት ክንድ አቆመ፤ በዓለም ዙሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት እየገቡ ዘር ዘሩ፣ ውሃ አጠጡ። ቴሌጋርደን የተባለው ይህ ሥራ በ1996 ወደ ኦስትሪያዋ ሊንዝ ተዛውሮ እስከ 2004 ቆየ። ጎልድበርግን ሲያብሰለስለው የኖረው ጥያቄ ተሳታፊዎቹ ያጠጡት ተክል በእርግጥ መኖሩን በምን ያውቃሉ የሚል ነበር። የሚደርሳቸው ፎቶ ብቻ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ከመጋዘን ሊወጣ ይችላል። በ2000 በእርሱ አርታኢነት የወጣው መጽሐፍ ከሩቅ የሚገኝ ዕውቀት ምን ያህል ዕውቀት ነው በሚል ፈላስፎችን አከራክሯል።

ከሩቅ የማይቻለው ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ፈላስፋ ሳይሆን ዕቃው ራሱ ያስተምራል። ራስበሪ ፓይን ከላፕቶፕ ሆኖ ማጥፋት ቀላል ነው፤ አንዲት መስመር ትበቃለች። ከጠፋ በኋላ ግን ያው ላፕቶፕ ሺህ ትእዛዝ ቢልክ አይነሣም፤ በኔትወርክ የሚቀሰቀስበት መንገድ የለውም። የማብሪያ ገመዱ የተሰካበት ሶኬት ራሱ ከሩቅ የሚታዘዝ ካልሆነ በቀር አንድ ሰው በእግሩ ሄዶ ነቅሎ መሰካት፣ በአዲሱ ሞዴል ከሆነም ቁልፉን መጫን አለበት። የዋይፋይ ስም ሲቀየር አንዲት ፊደል የተሳሳተ፣ በፋየርዎል ሕግ ላይ ፖርት 22ን የዘጋ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ስሕተቱን የፈጸመበት መንገድ ስሕተቱን ለማረም አይከፈትለትም። ማጥፋት ከሩቅ ይቻላል፤ ማንሣት ቅርብ ያለን ሰው ይጠይቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል፤ ስልክ ተደውሎለት "ጥቁሯን ገመድ ንቀልና መልሰህ ሰካት" የሚባለው ጎረቤት ኮምፒውተር የሚባል ነገር ባያውቅም በዚያች ደቂቃ ከባለሙያው ይበልጣል።

ርቀት በሰው ሕሊና ላይ የሚያደርገውን ከሁሉ በግልጽ ያሳየው ግን ከኮምፒውተር ጋር ያልተያያዘ ሥራ ነው። ስታንሊ ሚልግራም በ1961 በዬል ዩኒቨርሲቲ በጀመረው ሙከራ ተራ ሰዎች ለሌላ ሰው የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጡ ይታዘዙ ነበር። ንዝረቱ እውነተኛ አልነበረም፤ ታዛዦቹ ግን ይህን አያውቁም። የሚሠቃየው ሰው በሌላ ክፍል ሆኖ ሲሰወርባቸው ከመቶ 65ቱ እስከ መጨረሻው ደረጃ ሄዱ። ሰውየው እዚያው ክፍል ሲገባ ቁጥሩ ወደ 40 ወረደ። የሰውየውን እጅ ይዘው በገዛ እጃቸው ንዝረት ይሰጣል በተባለው ብረት ላይ እንዲያስቀምጡ ሲታዘዙ 30 ሆነ። ሙከራው በሥነ ምግባሩም በአሠራሩም ብዙ ተተችቷል፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ሙከራ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይወራ ሌላ ቁጥር አለ። አዛዡ ከክፍሉ ወጥቶ ትእዛዙን በስልክ ሲሰጥ እስከ መጨረሻ የታዘዘው አንድ አምስተኛ ያህሉ ብቻ ነበር። ከተጎጂው መራቅ ጭካኔን ቀላል አደረገ፤ ከአዛዡ መራቅ ደግሞ እምቢ ማለትን ቀላል አደረገ።

ለሩቅ ትእዛዝ የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። ሰው አዛዥ በመካከሉ ሰው ታዛዥ ሲኖረው እምቢ የሚል ሕሊና በመንገድ ላይ ሊያጋጥመው ይችላል። የመቶ አለቃው ወታደር ሂድ ሲባል የሚሄድ ቢሆንም ላይሄድ የሚችል ሰው ነው። ትንሿ ኮምፒውተር እንዲህ ያለ መሰናክል የላትም። በሩን ዝጋ ስትባል ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ሳትጠይቅ ትዘጋለች፤ ማሞቂያውን አጥፋ ስትባል ሕፃን ይተኛበት አይተኛበት አታውቅም። ስለዚህ በወታደሩ ላይ ሊጣል ይችል የነበረው የሕሊና ድርሻ ሁሉ ተጠቅልሎ ወደ አዛዡ ይመለሳል። በመካከል የሚካፈለው የለም።

ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ትእዛዝ መልኩን ይለውጣል። በ1970 ሉኖኾድ 1 የተባለችውን የሶቪየት ተሽከርካሪ ጨረቃ ላይ ይነዱ የነበሩት ሰዎች በክራይሚያ ተቀምጠው ነበር፤ ምልክቱ ሄዶ እስኪመለስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል ይወስዳል፣ የሚያዩትም ተንቀሳቃሽ ምስል ሳይሆን በየጥቂቱ ሰከንድ የሚቀየር ፎቶ ነበር። ማርስ ላይ ላሉት ተሽከርካሪዎች ግን ምልክቱ በአንድ ወገን ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ስለሚፈጅ በእጅ መንዳት አይታሰብም፤ የቀኑ ሥራ በሙሉ ተጽፎ ይላክላቸዋል። በ2015 መጨረሻ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተላኩት ሁለት ራስበሪ ፓዮችም በብሪታንያ ያሉ ተማሪዎች የጻፉትን ፕሮግራም ሲያስኬዱ ልጆቹ በቀጥታ አያዟቸውም ነበር። ፕሮግራሙ ሄደ፣ በተያዘለት ጊዜ ሠራ፣ ውጤቱ ወረደ። በዚያች ሰዓት ጸሐፊው ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ተኝቶ ሳለ የሚሠራለት ሥራ የማን ነው? በዚህ ላይ የአይሁድ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በተጠናቀረው የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ፣ በሚሽና ውስጥ፣ ስለ ሰንበት በሚናገረው ክፍል መጀመሪያ ላይ፣ ዓርብ የተጀመረ ሥራ ቅዳሜ በራሱ ቢቀጥል ይፈቀዳል ወይ የሚል ክርክር አለ። ቀለም መዘፍዘፍ፣ ለአውሬ፣ ለወፍና ለዓሣ ወጥመድ መዘርጋት ምሳሌ ሆነው ይነሣሉ። የሻማይ ቤት የሚባሉት ሊቃውንት ሥራው ቀን ሳለ ካላለቀ አይቻልም አሉ። ተከራካሪዎቻቸው የሂሌል ቤት ፈቀዱ፤ የጸናውም የእነርሱ ፍርድ ነው። ዛሬ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ክሮን በሚባለው ፕሮግራም ዓርብ ከሰዓት ትእዛዝ ጽፎ፣ ቅዳሜ ማለዳ መብራት እንዲበራ አድርጎ ወደ ጸሎት የሚሄድ ሰው የቆመው በዚያ ጥንታዊ ፈቃድ ላይ ነው።

ቤተ እስራኤል ግን በዚህ መንገድ አልሄዱም። ሚሽናን የያዘው ታልሙድ ሳይደርሳቸው፣ በግእዝ የተጻፈውን ትእዛዘ ሰንበትን ይዘው፣ በጎንደርና በአካባቢው የኖሩት እነዚህ ወገኖች ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳታቸውን ያጠፉ፣ ሰንበትንም የቀዘቀዘ ምግብ በልተው ያሳልፉ ነበር። ቀድሞ የተለኮሰ እሳት በሰንበት ሲነድ ማደሩን አልፈቀዱም። በ1984 እና በ1991 በታላላቆቹ የማጓጓዝ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የገቡት ሽማግሌዎች ያገኙት ልማድ ሌላ ነበር፤ በሰዓት መቁጠሪያ የሚበራና የሚጠፋ መብራት፣ ከዓርብ ጀምሮ ተሰክቶ የሚያድር ማሞቂያ።

ሁለቱን መንገዶች ማበላለጥ የዚህ ጽሑፍ ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ሂሌላውያን ስለ ዕረፍት ትክክል ከነበሩ፣ ሻማይና የቤተ እስራኤል ቀሳውስት ስለ ኃላፊነት የያዙት ስሜት በዘመናችን ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል፤ እኔ ለኩሼ የሄድኩት እሳት ሲነድ የሚያድረው በእኔ ነው። ሰው ከሥራው ሊያርፍ ይችላል። ሥራው የእርሱ መሆኑ ግን አብሮ አያርፍም።

ይህን መርሳት የሚያመጣው ጉዳት በ2019 የናሳ ዋና ኢንስፔክተር ባወጣው ሪፖርት ተመዝግቧል። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ኔትወርክ ላይ ሳይፈቀድ የተገናኘ አንድ ራስበሪ ፓይ ነበር። በዚያ በኩል የገባ ሰርጎ ገብ ለ10 ወር ያህል ሳይታወቅበት ቆይቶ ከ23 ፋይሎች 500 ሜጋባይት ገደማ ወሰደ። ወደ ማርስ ተሽከርካሪ የሚልክ ተቋም በገዛ ኔትወርኩ ላይ ስለተሰካች አንዲት ካርድ የምታክል ኮምፒውተር አላወቀም፤ ሪፖርቱ ከነቀፋቸው ነገሮች አንዱም የመሣሪያዎች ምዝገባ የተሟላ አለመሆኑ ነው። ከዚያ ውጭም የተጠቃሚ ስሙ ፓይ፣ የይለፍ ቃሉ ራስበሪ ሆኖ ከሠሪዎቹ የወጣ ሶፍትዌር በስንት ቤት ሳይቀየር እንደቀረ ማን ያውቃል። ሠሪዎቹ በ2016 መጨረሻ ኤስኤስኤች ባለቤቱ ካልከፈተው በቀር ተዘግቶ እንዲመጣ አደረጉ፤ በ2022 ደግሞ ያንን የታወቀ የተጠቃሚ ስም ጨርሶ አስቀሩት፤ እያንዳንዱ ባለቤት የራሱን እንዲያወጣ ሆነ። እነዚህ የቴክኒክ ለውጦች ናቸው። ውስጣቸው ግን ይህ ነገር የእኔ ነው ብሎ ስም ማውጣትን ግዴታ የማድረግ ሐሳብ አለ።

ከሩቅ ለሚያዝ ሰው ከዚህ የሚከተለው ግዴታ በጣም ምድራዊ ነው። መሣሪያውን ከመተዉ በፊት አንድ ጊዜ ከፊቱ ተቀምጦ የቁልፉን አሻራ ይገለብጣል። ሶፍትዌሩን ያድሳል፣ የሚነቀልበትን ቀን ይቆርጣል። ከዚያም ሳጥኑ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ መሣሪያው የሚሠራውን፣ እንዲሁም የትኛው ገመድ ሳይጠይቁ ሊነቀል እንደሚችል የሚናገር ወረቀት። ላፕቶፑ ባለቤቱ መሣሪያውን እንዲነካ አድርጓል፤ ወረቀቱ ደግሞ መሣሪያው አጠገብ ያለው ማንም ሰው፣ ጽዳት ሠራተኛም ይሁን ጥበቃ፣ ባለቤቱን በተራው እንዲያገኘው ያደርጋል፤ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውሎ "ይህ ዕቃህ እየጨሰ ነው" ሊለው ይችላል።